የ24 ሰዓት እድፍ በ1/32 ልኬት፦ ለድሮ ስሎት ካሮች ያገለገለ መኪና መልክ የመስጠት ዝርዝር መመሪያ

ስሎት ካር የሚባሉት፣ በመንገዳቸው መሐል በተሰነጠቀው ቦይ እየተመሩ ከቦዩ ግራና ቀኝ ከተዘረጋው ብረት ኤሌክትሪክ እየወሰዱ የሚሽቀዳደሙት ትንንሽ መኪኖች፣ ከፋብሪካ ሲወጡ ገና ታርጋ ያልተለጠፈበት አዲስ መኪና ይመስላሉ። ከሚወክሏቸው እውነተኛ መኪኖች ብዙዎቹ ግን ለ12 ወይም ለ24 ሰዓት የተነዱ፣ ዘይት የተረጩ፣ ጠጠር ቀለማቸውን የፈነቀለው፣ ነዳጅ የፈሰሰባቸው ነበሩ። ይህንን መልክ በቀለም መልሶ ማምጣት ይቻላል፤ ውድ መሣሪያም አይጠይቅም። ከቀለምና ከብሩሽ አስቀድሞ የሚያስፈልገው፣ እያንዳንዱ ጠብታ ከመቀመጡ በፊት «ይህ እድፍ ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱ ከአራቱ አንዱ ይሆናል፤ ጎማው የወረወረው፣ ነፋስ የገፋው፣ ሞተሩ የተፋው ወይም የሰው እጅ የነካው። ከአራቱ ወደ አንዱም የማይመለስ እድፍ ከሞዴሉ ላይ መቅረት አለበት።

ለዚህ መመሪያ ምሳሌ የማደርገው እ.ኤ.አ. በጁን 1970 በፈረንሳይ አገር በለ ማን (Le Mans) የተካሄደውን የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር ያሸነፈውን ቀይና ነጭ ፖርሽ 917 ኬ ቁጥር 23 ነው። ሃንስ ኸርማንና ሪቻርድ አትውድ እየተፈራረቁ የነዱት ይህ መኪና ለፖርሽ በለ ማን የመጀመሪያውን አጠቃላይ ድል አስገኝቷል። ውድድሩ አብዛኛውን ጊዜ በዝናብ የተካሄደ ሲሆን በመጨረሻ በደረጃ የተመዘገቡት መኪኖች 7 ብቻ ነበሩ። የዚያ ቀን እድፍ የዝናብና የመንገድ ቅባት ድብልቅ በመሆኑ ለመማሪያ ይመቻል፤ ዘዴው ግን ለፎርድ ጂቲ 40ም ሆነ ለማናቸውም የዚያ ዘመን መኪና ያገለግላል።

1. መኪናውንና ፎቶግራፉን መምረጥ

ሣጥኑ ያልጠፋ፣ ቀለሙ ያልተነካ፣ ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት የድሮ ሞዴል በዚህ መንገድ መቀባት የለበትም። ስካሌክስትሪክ በ1957 በእንግሊዝ አገር ሲጀምር ያወጣቸው የቆርቆሮ መኪኖች፣ በ1960ም የተከተሏቸው የመጀመሪያዎቹ የፕላስቲክ ሞዴሎች እንዳሉ መቀመጥ የሚገባቸው ቅርሶች ናቸው። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ቀደም ሲል የተቧጠጠ፣ መስታወቱ የጠፋ ወይም አንድ ሰው አስቀድሞ በመጥፎ ቀለም የደፈነው አካል፣ አለዚያም በድሮው ቅርጽ ዳግም የተሠራ አዲስ አካል ነው።

ቀጥሎ የመኪናው የውድድር ቀን ፎቶግራፍ ይፈለጋል። ዛሬ በሙዚየም የቆመውን መኪና የሚያሳይ ፎቶ ለቅርጹ እንጂ ለእድፉ አይጠቅምም፤ ታጥቦና ታድሶ ነውና። ከተቻለ ከግራ፣ ከቀኝና ከኋላ የተነሱ ሦስት ፎቶዎች ይሰብሰቡ፤ የኋላው ከሁሉም የበለጠ ያስተምራል።

አካሉ ከምን እንደተሠራ በሞዴሉ ሳይሆን በእውነተኛው መኪና ላይ ማወቅ ደግሞ ግዴታ ነው። የፖርሽ 917 ቅርፊት ፋይበር ግላስ፣ የውስጥ አጥንቱም የአሉሚኒየም ቱቦ ነው። ፋይበር ግላስም አሉሚኒየምም ቡናማ ዝገት አያወጡም። በዚህ ዓይነት መኪና ፓራፋንጎ ላይ ዝገት የሚቀቡ ሰዎች የቱንም ያህል እጃቸው የተባ ቢሆን መኪናውን ከእውነት ያርቁታል። ዝገት የሚፈቀደው በጭስ ማውጫው ብረት ላይ፣ አለዚያም ሞዴሉ የሚወክለው የብረት ቆርቆሮ አካል ያለውን የመንገድ መኪና ከሆነ ነው።

2. መፍታትና ማጠብ

አካሉ ከሥረኛው ክፍል በትንሽ ካቻቢቴ ተፈትቶ ይለያል። ብሎኖቹ የፊትና የኋላ ተብለው በወረቀት ላይ በፕላስተር ይለጠፉ፤ በብዙ ሞዴሎች ርዝመታቸው ይለያያል፣ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ የድሮውን ፕላስቲክ ይሰነጥቃል። ሞተሩ፣ የማርሽ ጥርሶቹ፣ አክሰሎቹ፣ በቦዩ ውስጥ የሚገባው መሪ ምላስና ኤሌክትሪክ የሚቀበለው የመዳብ ሽሩባ እስከ መጨረሻው ደረጃ ድረስ ከቀለም ጠረጴዛው ርቀው ይቀመጡ። መስታወቱ ሳይሰበር የሚወጣ ከሆነ ይውጣ፤ ከተጣበቀ ግን ከማስገደድ በወረቀት ፕላስተር መሸፈን ይሻላል።

አካሉ በለብታ ውኃና በጥቂት የእቃ ማጠቢያ ሳሙና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይታጠባል። ለዓመታት የተጠራቀመ የጣት ቅባትና የሞተር ዘይት ከቀረበት የሚቀባበት ሁሉ ይላቀቃል። አሴቶንና የመኪና ቀለም ቲነር ወደዚህ ፕላስቲክ መቅረብ የለባቸውም፤ ያቀልጡታል። ከታጠበ በኋላ በጨርቅ ሳይታሽ አየር ላይ ይድረቅ።

3. መነሻ ቀለምና መከላከያው ንጣፍ

የፋብሪካው ቀለም ደህና ከሆነ ባለበት ይቆይ። እንደገና መቀባት ካስፈለገ በቅድሚያ ግራጫ ፕራይመር፣ ማለትም ቀለሙን የሚይዝ ሥረኛ ንጣፍ፣ ከዚያ ነጩ፣ በመጨረሻ ነጩ በወረቀት ፕላስተር ተሸፍኖ ቀዩ ይቀባል። ነጭን በቀይ ላይ ለመሸፈን ወፍራም ቅብ ስለሚያስፈልግና ቀዩ ከሥር ወደ ሮዝ ስለሚያደላው ቅደም ተከተሉ መገልበጥ የለበትም። ቀዩ ውስጥ በጣም ጥቂት ፈዛዛ ግራጫ ወይም ክሬም መጨመር ጥሩ ነው፤ 13 ሳንቲሜትር ገደማ ርዝመት ባለው ነገር ላይ የእውነተኛው መኪና ቀለም እንዳለ ሲቀመጥ ከሚገባው በላይ የደመቀ ይመስላል።

ቁጥሮቹና ጽሑፎቹ ከተለጠፉ በኋላ አካሉ በሙሉ በአንጸባራቂ አክሪሊክ ቫርኒሽ በሁለት ቀጫጭን ንጣፎች ይሸፈናል። ይህ ንጣፍ የሥራው ሁሉ ዋስትና ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ማጠቢያ ቀለም፣ ማለትም በመስመሮች ውስጥ የሚፈሰው በጣም የቀጠነ ቀለም፣ በዘይት ወይም በኤናሜል የተሠራና በአኳራጅ፣ ማለትም በኋይት ስፒሪት፣ የሚቀጥን ስለሆነ የደረቀውን አክሪሊክ አይነካውም፤ ያልወደዱትን ሁሉ በአኳራጅ በረጠበ የጆሮ ጥጥ ጠርገው እንደገና መጀመር ይችላሉ። ለዚህም ቫርኒሹ በሚገባ መድረቅ አለበት፤ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን፣ በእኔ ምርጫ ሁለት ቀን ይቆይ። አኳራጅ ቫርኒሽ ያልደረሰበትን ባዶ ፕላስቲክ፣ በተለይ የብሎን መግቢያዎቹን አካባቢ፣ ሊሰነጥቅ ስለሚችል በውስጠኛው በኩል እንዳይጠራቀም ይጠንቀቁ።

ፖሊካርቦኔት ከሚባለው ግልጽ ፕላስቲክ በቀጭኑ የተወጠሩት ቀላል የእሽቅድምድም አካላት ከውስጥ የሚቀቡ በመሆናቸው ውጫዊ ገጻቸው ቀለም አይዝም፤ በእነርሱ ላይ ከማናቸውም ነገር በፊት ለፖሊካርቦኔት የተዘጋጀ ደብዛዛ ቫርኒሽ ይነፋል።

4. የመገጣጠሚያ መስመሮች

ከአርቲስት ዘይት ቀለም ጥቁር ቡናማው ይወሰድና ለአንድ ሰዓት ያህል በካርቶን ላይ ይቀመጣል፤ ካርቶኑ የተልባ ዘይቱን ስለሚመጠው ቀለሙ ቶሎ ይደርቃል፣ ሲደርቅም አያብረቀርቅም። ከዚያ 1 እጅ ቀለም በ10 እጅ አኳራጅ ይቀጥናል። በቀጭን ብሩሽ ጫፍ የተያዘው ጠብታ በበሩ ወይም በኮፈኑ መስመር አንድ ነጥብ ላይ ሲነካ ፈሳሹ ራሱ በመስመሩ ውስጥ ይሮጣል። መስመሩን በብሩሽ መከተል አያስፈልግም።

ጥቁር ቀለም ብቻውን በዚህ ቦታ አይመከርም። በቀዩ ክፍል ላይ ጥቁር ቡናማ፣ በነጩ ላይ ደግሞ መካከለኛ ግራጫ ሲሆን መስመሩ ጥላ ይመስላል፤ ጥቁሩ ግን በእርሳስ የተሰመረ ያስመስለዋል። ከ20 ደቂቃ ገደማ በኋላ ከመስመሩ ውጭ የቀረው በጥቂቱ በረጠበ ጥጥ ይጠረጋል፤ እንቅስቃሴውም ሁልጊዜ ከፊት ወደ ኋላ ይሁን፤ የሚቀረው ስስ ጭረት የነፋሱን አቅጣጫ እንዲከተል ነው።

5. የጠጠር ምት

እዚህ ላይ ልኬቱን በቁጥር ማሰብ ያስፈልጋል። በ1/32 ልኬት፣ ማለትም ሞዴሉ የእውነተኛው መኪና 32ኛ እጅ ሲሆን፣ በእውነተኛው መኪና ላይ 1 ሳንቲሜትር የሆነ ፍንካች በሞዴሉ ላይ 0.3 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ጠጠር የሚፈነቅለው ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ በዓይን «ፍንካች» መስሎ በግልጽ የሚታይ ነጥብ በእውነተኛው መኪና ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ጉዳት ሆኖ ይወጣል።

ከማሸጊያ የተገኘ ሻካራ ስፖንጅ ተቆንጥሮ በፒንሳ ይያዛል፤ በአክሪሊክ ፈዛዛ ግራጫ ይነከርና በወረቀት ላይ እስኪደርቅ ድረስ ይተመተማል። በወረቀቱ ላይ ከአሸዋ ያነሱ ነጥቦች ብቻ ሲቀሩ ወደ መኪናው ይወሰዳል። ቦታዎቹ የታወቁ ናቸው፦ የአፍንጫው ግንባር፣ የፊት መብራት መሸፈኛው ዙሪያ፣ ከፊት ጎማዎች ጀርባ ያለው የታችኛው ጎን፣ የኋላ ፓራፋንጎ የፊት ከንፈር። ጣሪያውና የበሩ የላይኛው ክፍል ጠጠር አይደርስባቸውም ማለት ይቻላል። ፋይበር ግላስ ሲፈነቀል የሚታየው ፕራይመሩ ወይም ሥረኛው ደብዛዛ ሽፋን በመሆኑ ብርማ ቀለም ለዚህ መኪና አይሆንም፤ በአሉሚኒየም አካል ላይ ግን ትክክል ነው። በዚህ ደረጃ ላይ እጅ ቶሎ መሰብሰብ አለበት፤ ቀጥሎ የሚመጣው ጭቃ የተወሰነውን ይሸፍናል ብሎ ማብዛት ውጤቱን ያበላሻል።

6. የመንገዱ ጭቃና የዝናቡ ስስ ሽፋን

የመኪናው ታሪክ የሚነበበው በዚህ ደረጃ ስለሆነ ከሌሎቹ የበለጠ ጊዜ ይሰጠው። በበጋ ከፒስታ መንገድ የደረሰ መኪና ያየ ሰው፣ ኮፈኑ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ሆኖ ሳለ የኋላ መስታወቱ በአቧራ መደፈኑን ያውቃል። መኪናው ሲሮጥ ከኋላው ዝቅተኛ ግፊት ያለው የአየር አዙሪት ይፈጠርና ጎማዎቹ የወረወሩትን ሁሉ መልሶ ወደ ኋላው ገጽ ይጎትተዋል። ፖርሽ 917 ኬ ጭራው አጭርና የተቆረጠ በመሆኑ ይህ ክስተት ይጎላበታል። እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ከሁሉም የቆሸሸው የኋላው ገጽ፣ ቀጥሎ ከጎማዎቹ ጀርባ ያሉት የታችኛው ጎኖች፣ ቀጥሎ አፍንጫው፣ በመጨረሻ ጣሪያው።

የጭቃው ቀለም እንደ አገሩ ይለያያል። በፈረንሳዩ የአስፋልት መንገድ ላይ በዝናብ የተነሳው እድፍ ቡናማነት ያለው ግራጫ እንጂ ቀይ አፈር አይደለም። የአየር ብሩሽ፣ ማለትም ቀለም በአየር ግፊት የሚነፋ መሣሪያ፣ ያለው ሰው 1 እጅ አክሪሊክ ቀለም በ9 እጅ ማቅጠኛ አቅጥኖ፣ በ1 ባር ግፊት፣ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ርቀት ሆኖ ከታች ወደ ላይ እየሳሳ የሚሄድ ጭጋግ ይነፋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ንፊቶች ምንም ያልተቀባ መምሰል አለባቸው፤ ወዲያው ከታየ ቀለሙ ወፍሯል ማለት ነው።

የአየር ብሩሽ የሌለው ሰው በዘይት ቀለም ያንኑ ያገኛል። የአካሉ የታችኛው ጎን በጥቂቱ በአኳራጅ ይረጥባል፤ ግራጫ ቡናማ የዘይት ቀለም በመርፌ ጫፍ ልክ እየተነጠበ ከጎማው ጀርባ ይቀመጣል፤ ከዚያ በንጹሕና ደረቅ ጠፍጣፋ ብሩሽ ወደ ኋላ ይጎተታል። ብሩሹ በየጉተታው በጨርቅ ይጠረግ። ከአምስት ወይም ከስድስት ጉተታ በኋላ ነጥቡ ይጠፋና ስስ የእድፍ መጋረጃ ይቀራል። የዘይት ቀለም ለሰዓታት ስለማይደርቅ እስኪስማማ ድረስ ማስተካከል ይቻላል፤ ለጀማሪ ከአየር ብሩሹ ይልቅ ይህንን የምመርጠው ለዚህ ነው።

የጭረቶቹ አቅጣጫ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ነው። ቆሞ የዘነበበት መኪና እድፉ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በሚሮጥ መኪና ላይ ግን ውኃው ለመውረድ ጊዜ የለውም፤ ነፋሱ አግድም ወደ ኋላ ያስሮጠዋል፣ በአፍንጫው ላይም ወደ ላይ ያወጣዋል። ስለዚህ በጎኖቹ ላይ ያሉት ጭረቶች ከመሬት ጋር ትይዩ ሆነው ከፓራፋንጎው ጫፍ በትንሹ ወደ ላይ ያዘነብላሉ።

የሚረጨው ጭቃ በጥርስ ብሩሽ ይሠራል። ብሩሹ በቀጠነ ቀለም ይነካና መጀመሪያ ወረቀት ላይ በጣት እየተፈተገ ትላልቁ ጠብታ እስኪያልቅ ይሞከራል፤ የቀረው የአካሉ ክፍል በወረቀት ተሸፍኖ ከጎማው መቀመጫ ወደ ኋላ ብቻ ይረጫል። እውነተኛ ጭቃ ከጎማው ክብ ጠርዝ ተላቆ በቀጥታ መስመር (በታንጀንት) ስለሚወረወር ብሩሹም በጎማው ቦታ ተይዞ ወደ ኋላና ወደ ላይ መርጨት አለበት።

ዋጋ ያለውን አካል ለዘለቄታው መለወጥ የማይፈልግ ሰው ደግሞ ጉዋሽ የሚባለውን በውኃ የሚሟሟ ቀለም በውኃና በአንድ ጠብታ የእቃ ሳሙና ቀጥኖ መጠቀም ይችላል። ቫርኒሽ እስካልተነፋበት ድረስ በውኃ ይታጠባል።

7. ነዳጅ፣ ዘይትና ጥላሸት

በነዳጅ መሙያው ክዳን ዙሪያ በእርጋታ ያልተቀዳ ነዳጅ ይፈሳል፤ ፍሳሹ እዚያ ያለውን አቧራ አጥቦ ስለሚወስድ፣ በጭቃው ስስ ሽፋን ላይ በአኳራጅ በረጠበ ቀጭን ብሩሽ አንድ ጭረት አጥፍቶ ጠርዙን በስሱ ማጥቆር ያስፈልጋል። ፍሳሹ የሚሆነው መኪናው ቆሞ በመሆኑ ይህ አንድ ጭረት ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። የዘይት ነጠብጣብ ከሞተሩ ጀርባ ባለው ገጽ ላይ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ከአንጸባራቂ ቫርኒሽ ጋር ተደባልቆ ይቀመጣል፤ የመጨረሻው ደብዛዛ ንጣፍ ከተነፋ በኋላ የሚጨመር ስለሆነ እስከዚያ ይቆይ።

የጭስ ማውጫዎቹ ጫፍ በውስጥ በኩል ጥቁር፣ በውጭ ጥቁር ግራጫ ይሁን፤ በግለት የተቃጠለ ብረት ስለሆነ በጣም ጥቂት የዝገት ቡናማ በደረቅ ብሩሽ ሊታከልበት ይችላል። መሪው በስተቀኝ ስለሆነ ሾፌሮቹ ሲቀያየሩ የሚይዙት የቀኝ በሩን ዙሪያ ነው፤ እዚያ ያለው ጭቃ በጥጥ ጫፍ በስሱ ይጠረግ።

8. ጎማና ቸርኬ

የጎማው መሬት የሚነካው ገጽ በፍጹም አይቀባ፤ መኪናው የሚይዘው በእርሱ ነው። አኳራጅም ላስቲኩን ስለሚያበላሽ ወደ ጎማ አይቀርብም። የጎን ገጹ ብቻ ደቅቆ በተፈጨ ግራጫ ቾክና በውኃ ይነካ፤ ሲደርቅ በጣት ሲታሽ በፊደሎቹና በጠርዞቹ ውስጥ ብቻ ይቀራል። ቸርኬው ላይ የሚያርፈው የፍሬን ሸራ ብናኝ ነው፤ ቀለሙ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቡናማ ሲሆን በክንዶቹ ሥር ይወፍርና ወደ ጠርዙ ይሳሳል።

9. መስታወት

የፊት መስታወቱ የዝናብ መጥረጊያው በሚደርስበት ቅስት ንጹሕ፣ ከቅስቱ ውጭ ደግሞ ስስ ጭቃ የለበሰ መሆን አለበት። የወረቀት ፕላስተር በቅስቱ ቅርጽ ተቆርጦ ይለጠፋል፣ የቀጠነው ግራጫ ቡናማ በስፖንጅ ይነካል፣ ቀለሙ ገና ሳይደርቅ ፕላስተሩ ይነሳል። የመብራቶቹ መሸፈኛ ከመሐሉ ይልቅ በጠርዙ ይደብዝዝ።

10. ማጽናትና መገጣጠም

ደረቅ የቀለም ዱቄት በየማዕዘኑ መጨመር የሚፈልግ ሰው በዚህ ጊዜ በለስላሳ ብሩሽ ያስቀምጠው። አንዳንድ ጥቁር ዱቄቶች ከብረት ኦክሳይድ የተሠሩ በመሆናቸው ማግኔት ይስባቸዋል፤ የሞተሩ ማግኔት ወደ ውስጥ ከሳባቸው ሞተሩን ይጎዳሉ። ዱቄቱን በወረቀት ላይ አድርጎ ከሥር ማግኔት በማንቀሳቀስ መለየት ይቻላል፤ ከተንቀሳቀሰ ቆሞ ለሚታይ ሞዴል እንጂ ለስሎት ካር አይሆንም።

ማጽኛው ደብዛዛ ቫርኒሽ በሁለት ስስ ንፊቶች ይሰጥ። ዱቄቱ ከቫርኒሹ በኋላ ስለሚፈዝ ከሚፈለገው ጥቂት ጨምሮ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ከትራኩ ሲወጣ መኪናው የሚያዝባቸው ጎኖች ግን ከፊል አንጸባራቂ ቫርኒሽ ይቀቡ፤ ፍጹም ደብዛዛ ገጽ በጣት ቅባት ቶሎ ይላቁጥና ያለቦታው ያብረቀርቃል። መስታወቱ ቫርኒሽ እንዳይነካው ተሸፍኖ ይቆይ።

በሥራው ሁሉ መስኮት ይከፈት፣ ሲነፋና ዱቄት ሲነካ አፍንጫና አፍ ይሸፈን። በዘይት ቀለም የተነከሩ ጨርቆች ተጨፍልቀው ከተጣሉ ራሳቸው ሊነዱ ስለሚችሉ ተዘርግተው ይድረቁ ወይም በውኃ በተሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጡ።

አካሉ አንድ ቀን ከደረቀ በኋላ በሥረኛው ክፍል ላይ ይገጠማል። ብሎኖቹ ከጠበቁ በኋላ በግማሽ ዙር ላላ ይደረጉ፤ ብዙዎቹ የድሮ መኪኖች አካላቸው ጥቂት ሲንቀሳቀስ በኩርባ ላይ ይረጋጋሉ። ጎማዎቹ ከፓራፋንጎው ጋር አለመነካካታቸው በእጅ እየተሽከረከሩ ይፈተሽ፣ የመዳብ ሽሩባው በንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ፣ መኪናው በዝግታ ጥቂት ዙር ይነዳ። ከዚያ ተመልሶ ይገለበጥ፤ በማርሽ ጥርሶቹ ወይም በሽሩባው ላይ ዱቄት ከተገኘ አካሉ እንደገና ተፈትቶ ከውስጥ በኩል በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል፣ አክሰሎቹም አንድ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ይጨመርላቸዋል።